ዮሴፍ፣ ኖኅ ወይስ ሙሴ? ራስ-ተመሳሳይ የዘፈቀደ ሞዴል አመራረጥ

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ስር፣ ሁለት ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። አንዷ የሰው አረማመድ ታጠናለች። ሌላው የፊዚክስ ተማሪ ነው፤ በወፍራም ጄል ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ቅንጣቶችን በማይክሮስኮፕ ቀርጿል። ሥራቸው አይገናኝም። ይዘው የመጡት ቁጥር ግን አንድ ነው፦ 0.7።

«መምህር፣ የሁለታችንም 0.7 ነው። አንድ ሞዴል ይበቃናል አይደል?» አለችኝ።

ቆይ አንዴ አልኳት። የእሷ 0.7 እና የእሱ 0.7 ተቃራኒ ነገር ነው የሚናገሩት። የእሷ ሂደት የጀመረውን መንገድ መቀጠል ይወዳል። የእሱ ወደኋላ መመለስ ይወዳል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ሞዴል የመረጠ ሰው ይህን አያይም። እዚህ ድሬም ሆነ ሐረር ከማማክራቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው የሚሰናከሉት። ስለዚህ ያን ቀን የነገርኳቸውን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። የምለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሞዴል የሚመረጠው በቁጥሩ ሳይሆን ቁጥሩን ባመጣው ምክንያት ነው።

ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?

አንድ የዘፈቀደ ሂደት ራስ-ተመሳሳይ የሚባለው ጊዜውን ስታሰፉትም ስታጠቡትም ጠባዩ ካልተለወጠ ነው። የአንድ ደቂቃውን ግራፍና የአንድ ሰዓቱን ግራፍ ቁመታቸውን በልክ አስተካክላችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል። «በልክ» ያልኩትን የሚወስነው የሐርስት ቁጥር ነው። ጊዜው 4 እጥፍ ሲረዝም ስርጭቱ በስንት ይሰፋል? የሐርስት ቁጥር 0.5 ከሆነ በ2 እጥፍ። 0.7 ከሆነ በ2.64 እጥፍ። 0.35 ከሆነ በ1.62 እጥፍ ብቻ።

ችግሩ ይህን ቁጥር የምናገኝበት መንገድ ብዙ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ መንገድ የራሱን ቁጥር ይሰጣል።

ልጅቷ የተጠቀመችው ዲኤፍኤ የሚባለውን ዘዴ ነው። ውሂቡን ደምሮ በመስኮት በመስኮት ይከፍላል፣ ከየመስኮቱ ቀጥታ አዝማሚያውን ያወጣል፣ የቀረውን መዋዠቅ ይለካል። የእርምጃ ጊዜ በራሱ ጭማሪ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው የተለካ እንጂ ከቀደመው ጋር እየተደመረ የመጣ ድምር አይደለም። ስለዚህ የእሷ 0.7 በቀጥታ የሐርስት ቁጥር ነው። ልጁ ደግሞ የለካው የቅንጣቱን አማካይ ካሬ ርቀት ነው። ርቀቱ ካሬ ስለሆነ ኃይሉም (የጊዜው ኤክስፖነንት) እጥፍ ይሆናል። የእሱ 0.7 ለ2 ተካፍሎ 0.35 ነው። ሌላ ሰው ደግሞ በድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ትንተና መጥቶ 0.7 ቢለኝ፣ ውሂቡ ጭማሪ ከሆነ 1 ደምሬ ለ2 አካፍዬ 0.85 ነው የምለው።

አንድ 0.7፣ ሦስት ትርጉም። በቃ፣ ከዚህ በፊት ወደ ሞዴል አትሂዱ። ቁጥሩ ከምን ዘዴ እንደመጣ፣ ውሂቡ ጭማሪ ይሁን ድምር፣ ሁለቱን ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ።

ዲኤፍኤ ከ1 በላይ ቢሰጣችሁም አትደንግጡ። ውሂባችሁ ድምር ነው ማለት ነው፤ 1 ቀንሱለት።

የአባይ ጠባይ፣ የደቻቱ ጠባይ

አሁን ቁጥሩ ታወቀ እንበል። ከ0.5 ይለያል። ለምን?

ደቻቱ፣ የድሬው ወንዝ፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ከከዚራ ወደ መጋላ ስንሻገር ውሃ የለበትም። ከዚያ ከላይ ከተራራው ዝናብ ይመጣና በአንድ ሌሊት ሌላ ወንዝ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። ያን ሌሊት በድሬ የሚያስታውስ ሰው «አማካይ ፍሰት» የሚለውን ቃል አያምንም። አማካዩ ስለዚያ ሌሊት ምንም አይናገርምና። ታሪኩን ሁሉ የያዘው አንዱ ዝላይ ነው።

አባይ ሌላ ነው። የአባይ ነገር መደጋገም ነው። መልካም ዓመት መልካም ዓመትን ያስከትላል፣ መጥፎውም መጥፎውን። ሃሮልድ ኤድዊን ሐርስት የሚባል እንግሊዛዊ የውሃ ባለሙያ ግብፅ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰው ይህን ሲለካ ነው። ግብፆች አቡ ኒል ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ባሳተመው ጥናት ግድብ ምን ያህል ውሃ መያዝ እንዳለበት ሲያሰላ፣ ቁጥሩ እንደጠበቀው 0.5 አልሆነለትም። በወንዞችም በዝናብም በዛፍ ቀለበትም በአማካይ 0.73 አካባቢ ሆነበት። ካይሮ አጠገብ በሮዳ ደሴት ላይ ያለው የናይል መለኪያ ከ622 እስከ 1284 ያለው መዝገብ ዛሬም የዚህ ትምህርት መማሪያ ነው። ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከእኛ ተራሮች የሚወርድ ነው። ያ መዝገብ የእኛ ክረምት መዝገብ ጭምር መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ቤኑዋ ማንደልብሮና ጄምስ ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1968 ለእነዚህ ሁለት ጠባዮች ስም አወጡ። የሚደጋገመውን የዮሴፍ ጠባይ አሉት፣ በሰባቱ የጥጋብና በሰባቱ የረሃብ ዓመታት። በአንድ ጊዜ የሚያጥለቀልቀውን የኖኅ ጠባይ አሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ አራት ተመራማሪዎች ሦስተኛ ጨመሩ፤ የሙሴ ጠባይ። ይህ ሂደቱ ራሱ በዕድሜ የሚለወጥበት ነው። ዛሬ የሚራመደው እርምጃ ከትናንቱ ያጠረ ወይም የረዘመ ከሆነ ማለት ነው።

እዚህ አገር ይህን ማስተማር ቀላል ነው። ድሬም ሐረርም ክርስቲያኑ ዮሴፍ፣ ኖኅ፣ ሙሴ ይላል፤ ሙስሊሙ ዩሱፍ፣ ኑሕ፣ ሙሳ ይላል። ታሪኩን ማንም ያውቀዋል። ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆጥብልኛል።

ሦስቱ በአንድ ቀመር ይገናኛሉ። የሐርስትን ቁጥር ሐ፣ የሦስቱን ጠባዮች ቁጥር ዮ፣ ኖ፣ ሙ ብንላቸው፦

ሐ = ዮ + ኖ + ሙ − 1

ምንም ልዩ ጠባይ በሌለበት ሦስቱም 0.5 ናቸው። ድምራቸው 1.5፣ 1 ሲቀነስ 0.5። ብራውናዊ እንቅስቃሴ ይህ ነው። 0.7 ለማግኘት ዮን ብቻ 0.7 ማድረግ ይቻላል። ኖን ብቻ 0.7 ማድረግም ይቻላል። ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ መውሰድም ይቻላል። ውጤቱ አንድ ቁጥር፣ ዓለሙ ግን ሌላ ሌላ ነው።

ወረቀቱን መበወዝ

ምክንያቱን ለመለየት ከሁሉ የምወደው ዘዴ ይህ ነው። ያን ቀን ከዚራ ላይ ለልጆቹ በእጅ ነው ያሳየኋቸው።

ከደብተር አንድ ገጽ ቀደድን። 32 ቁራጭ አደረግነው። በየቁራጩ ላይ አንድ የእርምጃ ጊዜ በሚሊሰከንድ ጻፈችበት፣ በመጣበት ቅደም ተከተል። ጠረጴዛው ላይ በተራ ደረደርነው። ከአማካዩ በላይ የሆነውን ወደ ላይ፣ በታች የሆነውን ወደ ታች ገፋ አደረግነው። ወረቀቶቹ በቡድን በቡድን ቆሙ። አምስት ስድስቱ ላይ፣ ከዚያ ሰባት ያህሉ ታች። ዮሴፍ ማለት ይህ ነው፤ በዓይን ይታያል። ከዚያ ሁሉንም ኮፍያ ውስጥ ከትተን በወዝነውና መልሰን ደረደርነው። ቡድኑ ጠፋ። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፣ ሁለቱ ላይ፣ አንዱ ታች።

ቁጥሮቹ ያው ናቸው። የተለወጠው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው። ስለዚህ መበወዙ ያጠፋው ነገር ትውስታ ነው።

ኮምፒውተር ላይም እንዲሁ አድርጉ። ጭማሪዎቹን በውዛችሁ እንደገና ለኩ። 0.7 የነበረው ወደ 0.5 ከወረደ ምክንያቱ ዮሴፍ ነበር። ከበወዛችሁ በኋላም ስርጭቱ በዚያው ፍጥነት ከሰፋ ምክንያቱ ኖኅ ነው፤ ትልልቆቹ ዝላዮች የትም ቢቀመጡ ትልልቅ ናቸውና።

አንድ ወጥመድ አለ። የኖኅን ጠባይ ዲኤፍኤም ሆነ የሐርስት የራሱ ዘዴ ደህና አድርገው አያዩትም። ዝላይ የበዛበት ግን ትውስታ የሌለው ውሂብ ብትሰጧቸው 0.5 አካባቢ ነው የሚመልሱላችሁ። ስለዚህ ስርጭቱን በሌላ መንገድ ለኩ። ለየጊዜ ርዝመቱ መካከለኛው ግማሽ ውሂብ የሚይዘውን ስፋት ውሰዱ። ይህ ስፋት ጫፍ ላይ ባሉ ዝላዮች አይረበሽም። ሁለቱ ዘዴዎች ከተስማሙ ዮሴፍ፣ ከተለያዩ ኖኅን ጠርጥሩ።

ለሙሴ መበወዝ አይሠራም። ውሂቡን መሃል ላይ ቁረጡት። የመጀመሪያው ግማሽ አማካይ የእርምጃ መጠን ከሁለተኛው ጋር እኩል ነው? ካልሆነ በዕድሜ የሚለወጥ ነገር አለ። ብዙ ቅጂ ካላችሁ ደግሞ ሁሉንም ከመነሻቸው አስተካክላችሁ እርምጃው በጊዜ እየጠበበ ወይም እየሰፋ መሆኑን እዩ።

እንግዲህ የቱ ለየቱ?

*ብራውናዊ እንቅስቃሴ።* ሁልጊዜ ከዚህ ጀምሩ። ሮበርት ብራውን እ.ኤ.አ. በ1827 ውሃ ውስጥ ያየውን መንቀጥቀጥ አይንሽታይን በ1905 አስረዳው፤ ፔሪን ደግሞ ለክቶ አረጋገጠው። ዮ፣ ኖ፣ ሙ ሦስቱም 0.5 ከሆኑላችሁ ሥራው አልቋል። ከዚህ የተወሳሰበ ነገር ለማምጣት ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ተማሪ «ብራውናዊ ሆነብኝ» ብሎ ሲያዝን አያለሁ። አይታዘንበትም፣ ውጤት ነው።

*ክፍልፋይ ብራውናዊ እንቅስቃሴ።* ኮልሞጎሮቭ በ1940 በሒሳብ ጽፎት ነበር። ማንደልብሮና ቫን ነስ በ1968 ስም ሰጥተው ለሁሉ አደረሱት። ዮሴፍን ብቻ የሚይዝ ሞዴል ነው። ዝላይ የለውም፣ ዕድሜ የለውም። አንድ ቁጥርና አንድ መጠን ይበቁታል። ለፊዚዮሎጂ መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው። የጤነኛ ሰው አረማመድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሃውስዶርፍና ባልደረቦቹ በ1995 ባሳተሙት ጥናት የእርምጃ ጊዜ የዲኤፍኤ ቁጥር በአማካይ 0.76 ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሰዎቹን በሜትሮኖም ምት ሲያራምዷቸው ያ ረጅም ትውስታ ፈረሰ። ትውስታው ያለው እግር ውስጥ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ከ0.5 በላይ ሲሆን ያለፈው ይቀጥላል፣ ከ0.5 በታች ሲሆን ያለፈው ይመለሳል። ምን ያህል? በተከታታይ ሁለት ጭማሪዎች መካከል ያለው ዝምድና 2 በ(2ሐ−1) ኃይል ሲቀነስ 1 ነው። በ0.7 ላይ 0.32 ይሆናል። በ0.9 ላይ 0.74። በ0.3 ላይ −0.24። ዋናው ነገር ግን የመጀመሪያው ዝምድና ትልቅነት አይደለም፤ ከ0.5 በላይ ሲሆን ዝምድናው በተራራቁ ጭማሪዎች መካከልም ቶሎ አለመሞቱ ነው።

ይህ በተግባር ምን ያመጣል? የ100 ዓመት የዝናብ መዝገብ አላችሁ እንበል። የሐርስት ቁጥሩ 0.8 ከሆነ፣ አማካዩን ለማወቅ ያ 100 ዓመት የሚጠቅማችሁ እርስ በርስ የማይገናኙ 6 ዓመታት ያህል ነው። ስሌቱ 100 በ0.4 ኃይል ነው፤ 6.3 ይሰጣል። መቶ ዓመት ለክቼ አውቄዋለሁ የሚል መሐንዲስ ስድስት ዓመት ነው ያወቀው። ቧንቧ ለሚያስቀምጥ፣ ድልድይ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በልብ ምትም ያው ነው፤ የታካሚውን አማካይ ከአጭር ቅጂ ወስዳችሁ ጠባብ የስሕተት ወሰን አትጻፉ።

*የሌቪ እንቅስቃሴ።* ኖኅን ብቻ የሚይዝ ነው። ጅራቱ ወፍራም ስለሆነ፣ ማለትም በጣም ትልልቅ ዝላዮች ብርቅ ስላልሆኑ፣ ቫሪያንስ የለውም። የጅራቱ ቁጥር 1.43 ከሆነ የሐርስት ቁጥሩ የእሱ ግልባጭ፣ 0.7 ነው። ለገበያ ዋጋ፣ ለአንዳንድ የፊዚክስ ፍንዳታዎች ያገለግላል። ለፊዚዮሎጂ ግን እኔ አልመክርም። ሰውነት ወሰን አለው። በሁለት የልብ ምት መካከል አሥር ደቂቃ አያልፍም። በልብ ውሂብ ውስጥ ትልቅ ዝላይ ስታዩ አብዛኛውን ጊዜ ያለቦታው የመጣ ምት ወይም ከደረት የላላ ኤሌክትሮድ ነው። መጀመሪያ አጽዱ። አንድ የላላ ሽቦ የውሸት ኖኅ ይፈጥራል።

የአልባትሮስ ታሪክ እዚህ ጋ መነገር አለበት። በ1996 የዚህ የባሕር ወፍ በረራ የሌቪ ነው ተብሎ በትልቅ መጽሔት ወጣ። መለኪያው እግሩ ላይ የታሰረ፣ እርጥብና ደረቅ የሚለይ መሣሪያ ነበር። ደረቅ ከሆነ እየበረረ ነው ተባለ። በ2007 ውሂቡ እንደገና ሲታይ፣ በጣም ረጃጅም የተባሉት በረራዎች ወፉ ጎጆው ላይ የተቀመጠባቸው ሰዓታት ሆነው ተገኙ። ደረቅ ነዋ!

ይህን ለሐረር ተማሪዎች ስናገር ጅቡን አነሳላቸዋለሁ። ማታ ማታ ወደ ጀጎል በሮች የሚመጡት ጅቦች አንገት ላይ መከታተያ ብናስር፣ ቀን ጎሬ ውስጥ የተኙበት ጊዜ ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ቆይታ ይመዘገባል። ሌሊት ሲንቀሳቀሱ ደግሞ ሌላ። ሁለቱን ቀላቅሎ ሂስቶግራም የሠራ ሰው ቆንጆ ወፍራም ጅራት ያገኛል። ያ ጅራት ግን የመኝታ ሰዓት ነው። የቀንና የሌሊት ዑደት ያለበትን ነገር ሁሉ መጀመሪያ ለዩት። የ24 ሰዓት የልብ ቅጂም እንዲሁ ነው፤ እንቅልፉን ለብቻ፣ ንቃቱን ለብቻ።

*እየቆመ የሚሄድ ጉዞ።* ሞንትሮልና ዋይስ በ1965 ያመጡት ነው። ቅንጣቱ አንድ ቦታ ይያዛል፣ ይጠብቃል፣ ይዘላል። የጥበቃው ጊዜ አማካይ የሌለው ሲሆን እንቅስቃሴው እየቆየ እየዘገየ ይሄዳል። ሼርና ሞንትሮል በ1975 ቅርጽ በሌላቸው ጠጣሮች ውስጥ ኤሌክትሪክ ለምን እየተጎተተ እንደሚሄድ ያስረዱት በዚህ ነው። ይህ የሙሴ ሞዴል ነው። እርምጃዎቹ የቀደመውን አያስታውሱም፤ ዮ 0.5 ነው። የሚለወጠው ዕድሜው ነው።

ከክፍልፋይ ብራውናዊው ጋር ሰው የሚያምታታው ይህን ነው። ሁለቱም አማካይ ካሬ ርቀት ላይ 0.7 ሊሰጡ ይችላሉ። ጎልዲንግና ኮክስ በ2006 በባክቴሪያ ውስጥ የአርኤንኤ ሞለኪውል ተከታትለው ያገኙት ኃይል 0.7 አካባቢ ነበር። ከዚያ በኋላ የትኛው ሞዴል ነው የሚለው ክርክር ለዓመታት ሄደ፤ በ2009 የወጣ ትንተና ሚዛኑን ወደ ክፍልፋይ ብራውናዊው አደላው።

የሚለያቸው ቀላል ነገር ላሳያችሁ። የእያንዳንዱን ቅንጣት አማካይ ካሬ ርቀት ለብቻው ሥሩና ሁሉንም በአንድ ግራፍ ላይ ደርቡ። መስመሮቹ ተጠጋግተው ከሄዱ ክፍልፋይ ብራውናዊ ነው። መስመሮቹ እንደ ማራገቢያ ከተበታተኑ፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች ከሆነ፣ እየቆመ የሚሄደው ነው። ከዚያ ቅጂውን መሃል ላይ ቁረጡት። ሁለተኛው ግማሽ ከዘገየ ሙሴ ተገኘ።

*መልቲፍራክታል።* ይህን በጥንቃቄ። እስካሁን ያሉት ሁሉ አንድ የሐርስት ቁጥር ይበቃቸዋል። መልቲፍራክታል ብዙ ቁጥር ነው፤ ትንንሹ መዋዠቅ በአንድ ሕግ፣ ትልልቁ በሌላ። በፊዚክስ የነፋስና የውሃ ሁከት (ተርቡለንስ) ዋናው ቤቱ ነው። ኮልሞጎሮቭ በ1941 አንድ ቁጥር ሰጠው፣ 1 ለ3። በ1962 ራሱ ተመልሶ አሻሻለው፤ የፍሰቱ ጉልበት በእኩል ስለማይሰራጭ አንድ ቁጥር አልበቃም።

ልብም እዚህ ነው። የጤነኛ ሰው የልብ ምት ክፍተት በረጅም ቅጂ የዲኤፍኤ ቁጥሩ 1 አካባቢ ነው። ይህ ልዩ ቦታ ነው። ጭማሪም ድምርም ያልሆነ፣ የሁለቱ ድንበር። አንድ ነርቭ ልብን ያፋጥናል፣ ሌላው ያረጋጋል፤ በሰከንድም፣ በደቂቃም፣ በሰዓትም ይጎታተታሉ። ፔንግና ባልደረቦቹ በ1995 የልብ ድካም ባለባቸው ሰዎች ይህ ቅርጽ እንደሚለወጥ አሳዩ። ኢቫኖቭና ባልደረቦቹ በ1999 የጤነኛው ልብ መልቲፍራክታል መሆኑን፣ በልብ ድካም ደግሞ ይህ እንደሚጠብ አሳዩ። ስለዚህ ግባችሁ ጤነኛና ታማሚ መለየት ከሆነና ቅጂው ረጅም ከሆነ መልቲፍራክታል ሊጠቅም ይችላል።

እውነተኛ መሆኑን ግን ፈትኑት። ውሂቡን ወደ ድግግሞሽ ቀይሩ፣ መጠኑን ሳትነኩ ፌዙን (የየሞገዱን መነሻ ቦታ) በዘፈቀደ ቀይሩ፣ መልሱት። ተራው ትውስታ እንዳለ ይቀራል። መልቲፍራክታልነቱ ከጠፋ ከተራው ትውስታ ያለፈ ነገር ነበር፤ ወፍራም ጅራት እንዳይሆን ግን ውሂቡን በውዛችሁም እዩ፤ ከበወዛችሁ በኋላም ካለ ምንጩ ጅራቱ ነው። ፌዙን ቀይራችሁም ካልጠፋ ሌላ ምንጭ ፈልጉለት፤ ብዙ ጊዜ የቅጂው ማጠር ነው።

ስንት ውሂብ አለህ?

ብዙ ጊዜ ምርጫውን የሚወስነው ይህ ነው። የ5 ደቂቃ የልብ ቅጂ 350 ምት ገደማ ነው። ከዚህ የሚገኘው የአጭሩ ርቀት ቁጥር ብቻ ነው፣ ከ4 እስከ 16 ምት ባለው መስኮት። ከ350 ምት መልቲፍራክታል ያወጣ ተማሪ ቢመጣ አቦ፣ ተመለስ ነው የምለው። የ24 ሰዓት ቅጂ 100 ሺህ ምት ይሰጣል፤ ያ ሌላ ነገር ነው። የ15 ደቂቃ አረማመድ 800 ያህል ሙሉ እርምጃ ነው፣ ለክፍልፋይ ብራውናዊው ይበቃል። ትልቁ መስኮት ከጠቅላላው ሩብ አይብለጥ። በሎግ-ሎግ ግራፍ ላይ ቀጥታ መስመሩ ከትንሹ መስኮት እስከ ትልቁ ካልዘለቀ ረጅም ትውስታ ነው ብላችሁ አትማሉ። አጭር ትውስታ ያለው ተራ ሞዴልም አጭር ርቀት ላይ ቀጥታ መስሎ ይታያል።

መሣሪያ የሌለው ሰው ፊዚዮኔት ላይ የልብም የአረማመድም ቅጂ በነጻ ያገኛል። ልጅቷም የሠራችው ከዚያ ወስዳ ነው። በፓይተን ኖልድስም ኒውሮኪትም ዲኤፍኤን ይሠራሉ። የሠራችሁትን ዘዴ ግን መልሱን በምታውቁት ውሂብ ፈትኑት። ክፍልፋይ ብራውናዊ ስታመነጩ የቾለስኪን መንገድ ለረጅም ውሂብ አትጠቀሙ። 10 ሺህ ነጥብ ማለት 100 ሚሊዮን ቁጥር ያለው ሰንጠረዥ ነው፤ 800 ሜጋባይት ይበላል፣ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከዜሮ ነው። የዴቪስና ሃርት የ1987 መንገድ ያንኑ በሰከንድ ውስጥ ይጨርሳል። ለሌቪ የቻምበርስ፣ ማሎውስና ስታክ የ1976 ቀመር አለ።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። የእሷ ውሂብ ኮምፒውተር ላይ ሲበወዝ ወደ 0.5 ወረደ። ስፋቱን በሁለቱም ዘዴ ስንለካ ተስማማ። ሁለቱ ግማሾች እኩል ነበሩ። ክፍልፋይ ብራውናዊ፣ ከ0.5 በላይ። የእሱን መስመሮች ስንደርብ አብዛኞቹ ተጠጋግተው ሄዱ። ክፍልፋይ ብራውናዊ፣ ከ0.5 በታች፤ ጄሉ እንደ ላስቲክ ቅንጣቱን ወደኋላ ስለሚጎትተው። አንድ ቀመር ላይ ተገናኙ፣ ግን ከ0.5 ወዲያና ወዲህ ሆነው።

ሦስት መስመሮች ግን ከሌሎቹ ተገንጥለው ታች ቀርተዋል። ቪዲዮውን መልሰን አየነው። ሦስቱም ቅንጣቶች መስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነበር። ያን ቀን ሳናየው አልፈን ቢሆን ኖሮ እየቆመ የሚሄድ ጉዞ ነው ብሎ ይጽፍ ነበር። ሦስቱን አወጣቸው። በማግስቱ ከመስታወቱ ራቅ አድርጎ፣ ጄሉ መሃል ላይ አተኩሮ እንደገና ቀረጸ።